አሥራ ዘጠኝ አሻራ

«አንተ ሽማግሌ! ወንዝ ዳር የቆምክ መሰለህ እንዴ? በገንዘብ የተገዛ ውኃ እኮ ነው!»

ቺኒማያን ከእንቅልፏ ያባነናት የአከራይዋ የሄራ ደቪ ድምፅ ነው። በመስኮት ቁልቁል ስታይ አባቷ ሪንዶርጄ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ባዶ ባልዲ በእጃቸው ይዘው፣ ግቢው መሐል ቆመዋል። ጥፋታቸው እግራቸውን መታጠባቸው ነው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ ሲንገላቱ የጠጡትን አቧራ እንዳለ ይዘው አድረው፣ ጠዋት ሲነሱ ባልዲ ሙሉ ውኃ ደረጃው ሥር አገኙና ታጠቡበት። ያ ባልዲ ለቺኒማያ የሁለት ቀን ውኃ ነበር። ሩዝ ታጥብበታለች፤ ሩዙ የታጠበበትን ለዕቃ፣ ዕቃው የታጠበበትን ለሽንት ቤት ታሳልፈዋለች። በካትማንዱ ጆርፓቲ ሰፈር ኪራይ የሚኖር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ቦቴ መኪና በሳምንት አንዴ መጥቶ የሄራ ደቪን ጋን ይሞላል፣ እሷ ደግሞ ቧንቧውን ቆልፋ በባልዲ ሃያ አምስት ሩፒ ትቸረችራለች። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ በራቸው ላይ የዶርቤ ወንዝ ሲጮህ ያደሩ ሰው ይህን ከየት ይወቁት?

ቺኒማያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ሦስቱን ፎቅ በሩጫ ወረደች። ሄራ ደቪ እሷን ስታይ ድምፅዋን ለወጠች እንጂ አልተወችም። «አባትሽ ናቸው ለካ! ምነው ታዲያ ብትነግሪያቸው? ለነገሩ ግድ የለም፣ ዛሬ ውኃውን ሊሰጡን አይደል የመጡት? ያ ዋሻ ተከፍቶ ውኃው ከገባ በየክፍሉ ቧንቧ አስገባለሁ። ኪራዩ ያን ጊዜ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከአሁኑ ልንገርሽ ብዬ ነው።» ይህን ያለችው እየሳቀች ነው። ሪንዶርጄ ከተማ ውስጥ የሚነገረውን ኔፓልኛ በግማሽ ነው የሚሰሙት፤ «ውኃ» የሚለውን ሰምተው አከራይዋን በሁለት እጃቸው እጅ ነሷት። ቺኒማያ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ሃያ አምስት ሩፒውን ከመቀነቷ ፈትታ ሄራ ደቪ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና አባቷን በክንዳቸው ይዛ ወጣች። በደረጃው ላይ ሪንዶርጄ የተቆጣቻቸው ሴት ምን እንዳለች አልጠየቁም፤ ቺኒማያም አልተረጎመችላቸውም። ሁለቱም ግን ገብቷቸዋል።

ክፍሏ ከአልጋዋ፣ ከጋዝ ምድጃዋና ከግድግዳው ጋር ከተደገፈ ያላለቀ ምንጣፍ ሌላ ብዙ ነገር አይይዝም። ምንጣፍ ቋጣሪ ናት፤ የምትከፈለው በቋጠረችው ልክ ስለሆነ፣ ለአባቷ ልታስተረጉም ከሥራ የቀረችበት የዛሬ ቀን ገቢዋ ባዶ ነው። አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሻይ ያራሱትን ጥፍጥፍ ሩዝ እየበሉ ከመንደር ጀምሮ ሲያጠኑት የመጡትን ንግግር በታማንግ ቋንቋ ደገሙላት። ንግግሩ አጭር ነበር። «ከተማው ተጠምቷል፤ የተጠማ ሰው ይጠጣ፣ አንከለክልም። በክረምት ሁሉንም ውሰዱ፣ ለእኛም ጎርፉ ይቀንስልናል። በበጋ ግን ግማሹን ተዉልን። ግማሹ ካለ ውኃው ወደ ቦያችን አፍ ይወጣል፣ ስንዴያችንም ችግኛችንም ይተርፋል። ከግማሽ ካነሰ ውኃው ቁልቁል ያልፋል እንጂ ቦያችን አይገባም።» በቃ ይኸው ነው። መሐንዲሶቹ በሦስት ዓመት ጥናት ያልጻፉትን እሳቸው በአምስት ዐረፍተ ነገር ይጨርሱታል። ተራራውን ሰንጥቆ የዶርቤን ውኃ ከራሱ ሸለቆ አውጥቶ ወደ ካትማንዱ ሸለቆ የሚያመጣው ዋሻ ተቆፍሮ አልቋል፤ የቀረው የበጋውን ውኃ እንዴት እንካፈል የሚለው ብቻ ነው። ለዚያም ነው ዛሬ በትልቅ ሆቴል «የላይኛውና የታችኛው ተፋሰስ ባለድርሻ አካላት የትብብር ጉባኤ» የተጠራው።

ወንድሟ ሱክማን በሦስት ሰዓት ታክሲ ይዞ መጣ። የፕሮጀክቱ የማኅበረሰብ አስተባባሪ ነው፤ ይህ ማለት መንደሩ የሚለውን ወደ ቢሮ፣ ቢሮው የሚለውን ወደ መንደር ያመላልሳል ማለት ነው። ወደ ቢሮ የሚሄደው እያነሰ ከቢሮ የሚመጣው እየበዛ ከሄደ ቆይቷል። ክፍሏ ውስጥ ሲገባ አልተቀመጠም፤ ኪሱን እየደባበሰ በቁሙ አባቱን ከእግር እስከ ራስ አያቸው።

«አባዬ፣ ያን አሮጌ ኮፍያ አድርገህ ነው የምትሄደው?» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም። እንደውም ጥሩ ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ብቻ ብዙ አትናገር እሺ? ሰዓቱ አጭር ነው። እኔ አጠገብህ ነኝ።»

«የሚናገሩት አምስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ይህም በዛ?» አለች ቺኒማያ።

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ከጠዋቱ አትጀምሪኝ» አላት። ታክሲው ውስጥ እሱ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ተቀመጡ። ሪንዶርጄ በመስኮት እያዩ በየቤቱ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን ጥቁር የውኃ ጋኖች ይቆጥሩ ነበር፤ ቆጥረው ሲደክማቸው ተዉት።

ሆቴሉ በር ላይ ለሪንዶርጄ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን ተጠለቀላቸው፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ካርድ ተንጠለጠለ። ቺኒማያን ግን አንዲት ቀጭን ልጅ በትሕትና አስቆመቻት፤ ጥሪው ለአንድ ሰው ነው። «አስተርጓሚ ናት» ሊል የሚገባው ሱክማን ነበር፤ እሱ ግን ስልኩን እያየ ገባ። ቺኒማያ ከመስታወት በሩ ውጭ መተላለፊያው ላይ የተቀመጠች ወንበር አገኘች። ከዚያ ሆና አዳራሹን ታያለች፣ ድምፁንም በግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ትሰማለች። በየሰው ፊት ሁለት ሁለት ጠርሙስ ውኃ ተደርድሯል፤ አንዱን ጠጥቶ የጨረሰ ሰው አላየችም። አንድ ጉንጭ እየተጎነጩ ይተዉታል፤ አስተናጋጁ ደግሞ የተከፈተውን አንሥቶ አዲስ ያስቀምጣል። ስንት ባልዲ እንደሚሆን በሆዷ ስታሰላ ቆየችና ተናደደች፤ በራሷም ተናደደች፣ እዚህም መጥታ ባልዲ ስለምትቆጥር።

ንግግሩ በተራ በተራ ቀጠለ። ሚኒስቴሩን ወክሎ የመጣው ተናገረ፣ ገንዘብ አበዳሪዎቹን የወከለው ተናገረ፣ የከተማው ነጋዴዎች ማኅበር ተናገረ፤ ስለ ጥማት የተናገሩት በሙሉ ወፋፍራሞች ነበሩ። ሁሉም «ወንዝ ድንበር አያውቅም» አሉ፤ አንዱ ከአንዱ የሰሙት ይመስል ሁሉም ያንኑ አሉ። «ትብብር» የሚለውን ቃል ቺኒማያ እስከ ሠላሳ ድረስ ቆጥራ ተወችው። አባቷ ከኋላ ረድፍ ሁለተኛው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አንድ ተናጋሪ ሲጨርስ በተቀመጡበት ትንሽ ብድግ ይላሉ፣ ሌላ ሰው ሲጠራ መልሰው ይቀመጣሉ። ይህን አምስት ጊዜ አደረጉ። ስድስተኛው ላይ ሰብሳቢው ሰዓቱ ስለገፋ ከላይኛው ተፋሰስ የሚሰጠው አስተያየት ከምሳ በኋላ ይሆናል አለ።

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱ መዞር የጀመረው። ቀጭኗ ልጅ ወፍራም ሰሌዳ ላይ የታሠረ ወረቀትና የአሻራ ቀለም ይዛ ወደ ሪንዶርጄ መጣች። ሱክማን ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው። ሪንዶርጄ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ፣ ወረቀቱ ላይ ጫኑ። ልጅቷ ሰሌዳውን ልትወስድ ስትል ግን በእጃቸው ያዙት። አንድ ነገር ጠየቁ፤ ሱክማን መልሶ ልጅቷን ጠየቃት፣ ልጅቷ ሰብሳቢውን ጠየቀችው፣ ሰብሳቢው ከመድረኩ ላይ ሆኖ ሳቀና በሁለት እጁ «ይፈርሙ፣ ይፈርሙ እንጂ!» የሚል ምልክት አሳየ። ሪንዶርጄ እንደገና ቀለሙን ነኩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ሱክማን የሚሉትን እየሰማ ይጽፋል፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ከጎኑ ይጭናሉ። እንደገና። እንደገና። ሁለት ሰዎች ፎቶ ሊያነሷቸው ብድግ አሉ።

ቺኒማያ ከመስታወቱ ማዶ ሆና ፈገግ አለች። ምን እያደረጉ እንደሆነ ገብቷታል። ሪንዶርጄ የመንደሩ የውኃ አባት ናቸው። በየዓመቱ ቦይ ጠረጋ ሲሆን ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ሲጨርስ በውኃ አባቱ መዝገብ ላይ አሻራውን ያኖራል። አሻራው ያለበት ቤት በበጋው ተራው ሲደርስ ውኃ ያገኛል፤ አሻራው የሌለበት ማሳው ቢነድም አያገኝም። ግን ደግሞ ወንዱ ሁሉ ማሌዥያና ኳታር ከሄደ ወዲህ አካፋ የሚያነሣ የሌለበት ቤት በዛ፤ ለእነዚያ ጎረቤት ይቆፍርላቸዋል፣ የውኃ አባቱ በራሳቸው ጣት ያኖሩላቸዋል። ማንም ተራው እንዳያመልጠው። ስለዚህ አሁን አባቷ ስለ ውኃ በተጠራ ስብሰባ ላይ፣ ከሥሩ አሻራ የሚኖርበት ወረቀት ሲመጣላቸው፣ ያልመጡትን ጎረቤቶቻቸውን ቤት እየጠሩ ተራ እያስያዙላቸው ነው። የመበለቷን የሱኩማያን ቤት፣ የአንጥረኛውን ቤት፣ የሁለቱን ወንድማማቾች ቤት። ቺኒማያ በጣቷ አብራ ቆጠረች፤ አሥራ ዘጠኝ። አንድ ቤት አልዘለሉም። የአከራይዋ ነገር፣ የጠርሙሱ ነገር ሁሉ ለጊዜው ተረሳትና በአባቷ ኮራች፤ አሥራ ዘጠኙን ቤት በልባቸው ይዘው የመጡ ሰው።

ከዚያ ድምፅ ማጉያው ተናገረ። «ለትብብራችን ታላቅ ቀን ነው» አለ የሰብሳቢው ድምፅ፤ «የላይኛው ተፋሰስ አሥራ ዘጠኝ አባወራዎች በሙሉ፣ በተከበሩት አባታችን በኩል፣ የበጋውን የውኃ ድርሻ በሚመለከት የቀረበውን ሰነድ በሙሉ ፈቃደኝነት ፈርመዋል።» አዳራሹ አጨበጨበ። ሪንዶርጄም ሲጨበጨብ አይተው አጨበጨቡ።

ቺኒማያ ወንበሯ መቼ እንደወደቀ አላወቀችም። አስተናጋጁን ገፍታ ገባች። ሰዎቹ ለምሳ እየተነሡ ነበር፤ ሰሌዳው ጠረጴዛው ላይ በቀጭኗ ልጅ እጅ ሥር ነው። ቺኒማያ መነተፈቻት። የአሻራውን ገጽ ወደ ኋላ ገለበጠችው፤ ከሥሩ ታጥፎ የተያያዘ ሌላ ገጽ አለ። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምራለች፤ ቀስ ብላ ቢሆንም ታነባለች። እኛ ከዚህ በታች አሻራችንን ያኖርነው፣ ይላል፤ ከመኸር ማግሥት እስከ ዝናብ መግቢያ ባሉት ወራት ከወንዙ ውኃ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ወደ ከተማው እንዲሄድ፣ አንዱ እጅ በወንዙ እንዲቀር፣ ወደንና ፈቅደን ተስማምተናል። ሁለቴ አነበበችው። አሥራ ዘጠኙም ስም በወንድሟ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ያንን የተጠማዘዘ ጽሑፉን ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት።

«እህቴ፣ እባክሽ ሰነዱን አስቀምጪው» አለ ሰብሳቢው ቀርቦ። አልተቆጣም፤ ፈገግታው እንኳ አልጠፋም።

«አባቴ ማንበብ አይችሉም።»

«ልጃቸው አስረድቷቸዋል እኮ። እዚህ የተገኘነው በመተባበር መንፈስ ነው።»

«መተባበር? አንድ እጅ ማለት ቦያችን ደረቀ ማለት ነው! ዘጠኙን ወስደህ ነው ከእኔ ጋር የምትተባበረው? እናንተ ግማሽ ጠርሙስ ትታችሁ ትነሣላችሁ፣ እኛ...» ወረቀቱን ከሰሌዳው ላይ ጎትታ ለሁለት ቀደደችው፣ ለአራት ቀደደችው። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ ምሳውን ቀድሞ የጀመረ አንድ ሰው ብቻ ዱባ ወጥ ያለበትን ሳሕን እንደያዘ ማኘኩን አላቆመም። ቀጭኗ ልጅ በጣም አዝና፣ በእውነትም አዝና ነበር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ የወረቀቱ ፎቶ እኮ ተልኳል። ወዲያው ነው የተላከው» አለቻት። ሰብሳቢው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወደ ምሳው ሄደ። የሰውየው እጅ ያረፈበት ትከሻዋ ላይ ቃጠሎ ተሰማት። ቢሰድባት፣ ጥበቃ ቢጠራ ይሻላት ነበር። ማንም አልጠራባትም፤ ለጥበቃ እንኳ የማትበቃ ሆና ነው የተገኘችው።

ሱክማንን መተላለፊያው ላይ ያዘችው። የደረቱን ካርድ ማሠሪያ ጨምድዳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«አውቀህ ነው።»

«ልቀቂኝ፣ ሰው ያያል።»

«አውቀህ ነው ወይ ነው የምልህ!»

«ባይፈርም የሚቀርልን መሰለሽ?» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ዋሻው ተቆፍሯል እትዬ፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ፈሶበታል። ብንፈርምም ይወስዱታል፣ ባንፈርምም ይወስዱታል። ሳንፈርም ከሚወስዱት ፈርመን ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቢቀየርልን አይሻልም? ቢያንስ እኔ ሥራዬን አላጣም።»

«እንደዚህ ብለህ ለምን አልነገርካቸውም? ይህንኑ። በዚሁ አፍህ።»

ማሠሪያውን ለቀቀችው።

ሪንዶርጄን ሆቴሉ ጓሮ፣ ከሣሩ ዳር አገኟቸው። ሳሕናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ይበላሉ፤ ለልጅ ልጆቻቸው ይሆናል ብለው አራት ብስኩት በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ አስቀምጠዋል። ልጆቻቸው አብረው ሲመጡ አይተው ፊታቸው በራ። «ለሁሉም አኖርኩላቸው» አሉ፤ «አንድም አልዘነጋሁ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ስለ ግማሹ እናገራለሁ።» ቺኒማያ ፊታቸው ቁጢጥ አለች። ሱክማን እንዲናገር ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ሣሩን ያያል። ስለዚህ እሷ ነገረቻቸው። የተጻፈውን ቃል በቃል፣ ምንም ሳታለሰልስ በቋንቋቸው ነገረቻቸው፤ ለማለስለሻ የሚሆን ቃል ብትፈልግም አላገኘችም። ሪንዶርጄ ስትጨርስ «አንድ እጅ?» ብለው ብቻ ጠየቁ፤ «አዎ» አለቻቸው። ሳሕናቸውን ሣሩ ላይ አስቀመጡ። ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ቺኒማያ ቁጣ ብታይባቸው በወደደች። ያዩት እንደማያውቁት መንገደኛ ነው።

የሪንዶርጄ ስልክ ጮኸ። ከመንደር ነው፤ ሱኩማያ ናት። ባሏ ከኳታር በሬሳ ሣጥን ከተመለሰ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ሁለት ልጆችና ቦዩ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ማሳ አሏት። ሪንዶርጄ ስልኩን ከፍተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። «አጎቴ! ተሰበሰባችሁ? የእኔንም ቤት አኖርክልኝ? ልጄ አሟት ነው አብሬህ ያልመጣሁት፣ ትቀየመኝ ይሆን ብዬ...» ሪንዶርጄ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ቺኒማያ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች፣ ድምፁን ወደ ውጭ አወጣችው፣ ሱክማን እጅ ውስጥ አስጨበጠችው።

«ንገራት» አለችው።

ሱክማን ስልኩን እንደ ጋለ ነገር ያዘው። «ሱኩማያ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ስምምነቱ ተፈርሟል።»

«ሱክማን ነህ? ጎሽ የኔ ወንድም! ግማሹ ቀረልን?»

«ግማሹ እንኳ... ከአሥር አንድ እጅ ነው።»

ከሱኩማያ ኋላ የወንዙ ድምፅ ይሰማ ነበር። «አንድ እጅማ ቦያችን አፍ አይደርስም» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ። «የእኔ ማሳ እኮ መጨረሻ ላይ ናት! ማነው በዚህ የፈረመው? ማነው በእኔ ስም የፈረመው?»

ሱክማን ከንፈሩን አላሰ። አባቱን አየ፣ እኅቱን አየ። የሚለው ነገር አፉ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቺኒማያ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲንቀሳቀስ አየች፣ አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብቻ ብላ ጠበቀችው። ሪንዶርጄ ተንጠራርተው፣ በቀለም በተበከለው እጃቸው፣ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ወሰዱ።

«እኔ ነኝ ሱኩማያ» አሉ። «በጣቴ ነው የፈረምኩት። ያንቺንም ቤት፣ የሁሉንም ቤት። ማንም አላሳሳተኝም። መጥቼ በፊታችሁ እቆማለሁ።»

ቺኒማያ ወንድሟን ታየው ነበር። አባቱን አላረማቸውም። ትከሻው ወረድ ሲል፣ ይዞት የቆየውን እስትንፋስ ቀስ ብሎ ሲለቅ አየችው።